ሃያ ሁለት ሺህ ለማስመለስ ስድሳ ሺህ፦ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ

ይህን ጉዞ የሄድኩት ወድጄ አይደለም። ከተመለስኩ ጀምሮ ወዳጆቼ «ጉራጌ አገር እንዴት ነበር?» እያሉ ይጠይቁኛል። ክትፎውንና አየሩን እንዳወራላቸው ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን አፌን ስከፍት የሚወጣው እርግማን ነው። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈውና ይውጣልኝ። አገሩን አይታችሁት የማታውቁም መንገዱን ከእኔ ጋር ትሄዱታላችሁ።

ሥራዬ ግምት መሥራት ነው። አዲስ አበባ አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ ክርክር ከመጀመሩ በፊት ክርክሩ ስንት እንደሚፈጅ አሰላለሁ። ለብዙ ዓመት እዚያው ቢሮ ታይፒስት ነበርኩ፤ ቁጥር አይጠፋትም ተብዬ ነው ወደዚህ የተዛወርኩት። እዚህ አገር ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ከሆነ ግምቱ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። ዳኞቹን የሚከፍሏቸው ተከራካሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፣ ያውም በሰዓት። መዝገቡን የሚይዘው ተቋም ይከፈለዋል፣ የሚቀመጡበት አዳራሽ ይከራያል፣ እያንዳንዷ ወረቀት ትተረጎማለች፣ ምስክር በአውሮፕላን ይሄዳል፣ ሆቴል ያድራል። እኔ ይህን ሁሉ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብዬ በሦስት ዓምድ እደረድራለሁ።

ያሁኑ ጉዳይ የእምድብር አካባቢ ሴቶች ነው። መቶ አርባ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው፣ ለዓመታት ቆጮ እየሸጡ ባጠራቀሙት ገንዘብ ከውጭ አገር የእንሰት መፋቂያና መጭመቂያ ማሽን ገዙ። ሃያ ሁለት ሺህ ዩሮ፣ ሙሉውን በቅድሚያ ከፍለው። ማሽኑ አሥራ አንድ ቀን ሠርቶ ቆመ። ኩባንያው ደብዳቤ ሲጻፍለት ውሉን ተመልከቱ አለ። ውሉ ደግሞ ክርክር ከተነሳ በአንድ የአውሮፓ ከተማ፣ በሦስት ዳኞች፣ በእንግሊዝኛ ይታያል ይላል። የሠራሁት ግምት በዝቅተኛው ዓምድ ስድሳ ሺህ ዩሮ መጣ። ሃያ ሁለት ለማስመለስ ስድሳ! ሴቶቹ እጅ ላይ የቀረው አንድ ሚሊዮን ብር ገደማ ሲሆን፣ አለቃዬ በዚያ መነሻ ክርክሩ እንዲጀመር ይፈልጋል። የተላክሁትም ግምቱን አስፈርሜ እንድመለስ ነው። ልወጣ ስል ዝቅተኛውን ዓምድ ብቻ እንዳሳያቸው፣ ሌሎቹ ያስደነግጧቸዋል ብሎ በለሆሳስ መከረኝ። ሦስቱንም አትሜ ያዝኩ።

ሰኞ

ከአየር ጤና የተሳፈርንበት አውቶቡስ ሞልቶ እስኪነሳ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ወሊሶ ስንደርስ ረዳቱ አሥር ደቂቃ ብሎን አርባ ደቂቃ ቆየ። መንገዱን ሙሉ ያችን አንቀጽ የጻፈውን ሰው በሆዴ ስረግመው ነበር። ማን ይሆን? ለእንሰት መፋቂያ ሦስት ዳኛ! ለግድብና ለአውራ ጎዳና የሚጻፍ አንቀጽ ለቆጮ ማሽን ምን ይሠራል? ራስ ሳይጠና ጉተና ማለት ይኸው ነው።

ወልቂጤ ገብቼ ባጃጅ ብጠይቅ፣ በእግሬ አምስት ደቂቃ ለሚሆን መንገድ የአዲስ አበባ ዋጋ ጠራብኝ። አልሄድም ብዬ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሄድኩ፤ ዝናብ የመታው ቀይ ጭቃ የጫማዬን ተረከዝ ነቅሎ አስቀረው። ያረፍኩበት ፔንሲዮን ክፍሉ ቴሌቪዥን አለው፣ ውሃ የለውም። ኮተቤ ያለው ቤቴም ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ግን በራሴ ቤት ስናደድ ገንዘብ አልከፍልም። አስተናጋጇን ልጮህባት ወጣሁ። እሷ አንድ ጀሪካን የሞቀ ውሃና የራሷን ነጠላ ጫማ አምጥታ በሩ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ተረከዜን አይታው ኖሯል። ጩኸቴን ውጬ እግሬን ታጠብኩ። በማግስቱ ጫማውን ልመልስ ስል ስመለስ እንዳመጣው ነገረችኝ። በዚያ መንገድ አልተመለስኩም፤ እስካሁን እኔ ጋ ነው፣ ሲታየኝ እበሳጫለሁ።

ማክሰኞ

የእምድብር ሚኒባስ አታት ሆስፒታል በር ላይ ቆመ። አራስ ይዘው የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሚኒባሱ ደግሞ ጢም ብሏል። አዲስ አበባ ቢሆን «ሞልቷል» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እዚህ ግን ተሳፋሪው ተጠጋጋ፣ ሁለት ወንዶች ወርደው በእግር ቀጠሉ፣ አራሷ በመስኮት በኩል ተመቻችታ ተቀመጠች። ማንም ሳይጠይቀኝ ሕፃኑ እኔ ጭን ላይ አረፈ። የግምት ፋይሌ ወለል ላይ ወደቀና አንዱ በጭቃ እግሩ ረገጠው። ተናደድኩ፤ ሕፃኑ ተኝቶ ስለነበር ግን መናደዴን ለማንም መናገር አልቻልኩም። ሂሳብ ሲሰበሰብ ከአራሷ ማንም አልተቀበለም።

እምድብር የተቀበለችኝ የማኅበሩ ሊቀመንበር ወይዘሮ ድንቄ ናት። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ሲያወሯት ዓይኗን ከሰው ዓይን የማትነቅል ሴት ናት። እትዬ እላታለሁ፣ እሷ እህቴ ትለኛለች፤ አማርኛዋ የጉራጌኛ ቃና አለው። ሆቴል አድራለሁ ብላት እንደ ስድብ ቆጠረችው። ጥሬ ክትፎ እንደማልበላ ስነግራት ሳትስቅብኝ ለብ ለብ አድርጋ፣ በጎመንና በአይብ ከቆጮ ጋር አቀረበችልኝ። አዲስ አበባ ክትፎ ቤት ውስጥ በግማሽ ደመወዜ የምበላው ነገር ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም።

ከሰዓት በኋላ ቤቷ ውጆ ነበር። ውጆ የሴቶች የቅቤ ዕቁብ ነው፤ እያንዳንዷ በየተራዋ የተወሰነ ቅቤ ታመጣለች፣ ተራ የደረሳት ሁሉንም ትወስዳለች። ያን ቀን የአንዷ ቅቤ ሲመዘን ጎደለ። እኔ ጠብ ጠበቅሁ። ሰፈሬ ባለው ዕቁብ ሁለት መቶ ብር የጎደለባት ጎረቤቴ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ተጎትታለች። እዚህ ግን የተቀሩት ከየራሳቸው ትንሽ ትንሽ ጨምረው የባለተራዋን ሞሉላት። ከዚያ እትዬ ድንቄ ላጎደለችው ሴት «አምጪ» አለቻት፣ በቃ። ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ጅባው ምንጣፍ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች፣ ወሬውም ቀጠለ። የት እንዳጎደለችው፣ ለምን እንዳጎደለች የጠየቃት የለም። ካጎደለች ታመጣለች፤ ሌላ ሕግ እንደሌለው እትዬ ድንቄ ነገረችኝ።

ረቡዕ

ስብሰባው የተደረገው ማሽኑ ያለበት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ለካ በፎቶ አይቼው ነው እንጂ ግዙፍ ነገር ነው። አረንጓዴ ቀለሙ ገና አልለቀቀም፣ ዶሮ ሰፍሮበታል። ጥርሶቹ እንሰቱን መፋቅ ሲገባቸው ከቃጫው ጋር እየቆራረጡት ቆጮው ጠቁሮ ተጣለ። ከጎኑ አንዲት ሴት በጣውላ ላይ የተጋደመውን የእንሰት ግንድ በአንድ እግሯ ይዛ በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቃለች፤ እንደ እናቷ፣ እንደ አያቷ። ይህን ከወገባቸው ላይ ለማንሳት ነበር ያ ሁሉ ገንዘብ።

ሦስቱን ዓምዶች አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። የመዝገብ ማስከፈቻ፣ የጽሑፍ ክርክር፣ የማሽን ባለሙያ ምስክር፣ ትርጉም፣ ችሎት፣ ከዚያ ቢፈረድልን እንኳ ኩባንያው አገር ሄዶ ለማስፈጸም ሌላ ጠበቃ። ከተሸነፍን የነሱንም ጠበቃ ልንከፍል እንደምንችል ጨመርኩ። በየመሐሉ አንዷ ወደ ጉራጌኛ ትመልስላቸዋለች። ለመንግሥትና ለትልልቅ ኩባንያዎች ስንት ግምት ሠርቻለሁ፤ አንድም ቀን እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

እትዬ ድንቄ ወረቀቱን ተቀብላ በጣቷ እየተከተለች ቆየች። ከዚያ አንድ ረድፍ ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ የዳኞቹ ክፍያ ግማሹ ከኛ፣ ግማሹ ከነሱ ይላል። እነሱ ድርሻቸውን ባያመጡስ? ማነው የሚሞላው?»

«እኛ ነን» አልኳት። «ካልሞላን መዝገቡ ይቆማል።»

«ታዲያ ለምን እዚህ አልተጻፈም?»

እስካሁን የሠራሁት ግምት ሁሉ ሌላው ወገን ድርሻውን ለሚከፍልላቸው ሰዎች ነበር። ያላሰብኩትን ጉድለት ያየችው ቅቤ ስታስመዝን የኖረች ሴት ናት። ከሳሹን ለማድከም ሲባል ድርሻን አለመክፈል የታወቀ ዘዴ መሆኑን እኔ ከእሷ በፊት ማወቅ ነበረብኝ። እስክሪብቶ አውጥቼ ጨመርኩት፤ ስድሳው ሰማንያ ሆነ። ከሴቶቹ አንዷ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብላ ወደ ማሽኑ አየች።

እምቢም እሺም አላሉም። እትዬ ድንቄ ያለችው ሌላ ነው። በእነሱ ዘንድ ነገር ሲበላሽ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠራው ሁለቱን ያስማማውን ሰው ነው፤ እንዴት እንዳስማማቸው ይጠየቃል፣ ያሰረውን ራሱ እንዲፈታ ዕድል ይሰጠዋል። ማሽኑን ያገናኛቸው ቡታጅራ ያለ ነጋዴ፣ ሐጂ ነስሩ የሚባል ሰው ነው። ዋናው ውል እሱ ዘንድ ነው። እኛ ያለን ግርጌው የተቆረጠ የፎቶ ኮፒ ኮፒ ነው። ሂጂና ጠይቂው፣ ያን ጊዜ እንወስናለን አለችኝ። አለቃዬ ዘንድ ደውዬ ስነግረው ፊርማ ይዤ እንድመለስ እንጂ አገር እንድዞር እንዳልላከኝ ጮኸብኝ። ስልኩን ዘጋሁበት። ይህን ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ከእምድብር በአገና በኩል ወደ ቡታጅራ የሚሄደውን መንገድ ምንም አልለውም፤ ወገቤ ያውቀዋል። ተራራው ላይ ጉም ወርዶ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። እትዬ ድንቄ በኮባ ጠቅልላ የሰጠችኝን ቆጮና አይብ ከጎኔ ካለች ተማሪ ጋር ተካፍለን በላን። አንድ ቦታ ሁላችንም ወርደን መኪናውን በጭቃ ውስጥ ገፋን። የአስተናጋጇ ነጠላ ጫማ አንዱ ሰመጠ፣ አንድ ገበሬ እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ አወጣልኝ። እጁን የታጠበው ኩሬ ውስጥ ነው፤ ምስጋናዬን ሰምቶ ሳይጨርስ ሄደ።

ቡታጅራ ከወልቂጤ ይልቅ ሞቅ ያለ ከተማ ነው፣ የባጃጁም ብዛት እንደዚያው። ገበያው ዳር ካለ ሆቴል አደርኩ። በርበሬ የሚወቀጥበት ቤት ጀርባው ስለሆነ እስኪመሽ ሳስነጥስ ቆየሁ። አስተናጋጁ ክፍል ቀየረልኝ፤ አዲሱ ክፍል ውስጥም አስነጠስኩ።

አርብ

ሐጂ ነስሩን ያገኘሁት ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሱቁ ውስጥ ነው። የውሃ ፓምፕና የእርሻ መርጫ የሚሸጥ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ነው። በሰላምታ ተቀበለኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ከእምድብር መምጣቴን ስነግረው ፊቱ ወረደ። የድለላ ድርሻውን እንደተቀበለ አልደበቀም። ማሽኑ ሲቆም ኩባንያው ዘንድ ደጋግሞ እንደጻፈ፣ ከዚያ ወዲህ በእምድብር ማለፍ እንደሚያፍር ነገረኝ። በሌላ ጊዜ አዝንለት ነበር። ያን ቀን ግን ከሰኞ ጀምሮ ያዘልኩት ንዴት ስላለ፣ ያችን አንቀጽ የጻፈው ማን እንደሆነ ሳልወድ በቁጣ ጠየቅሁት። አንድ ሰው ልኮ አዲስ አበባ እንዳሠራው፣ ጸሐፊውን በዓይኑ እንዳላየው ነገረኝ።

ከጠረጴዛው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ዋናውን ውል አወጣ።

«ጸሐፊው ጎበዝ ነው» አለኝ። «አንድ ስርዝ የለበትም፣ እዩት። ይህን የመሰለ ጠንካራ ውል አይቼ አላውቅም ብዬ ነበር እኮ።»

ገለጥኩት። አንቀጹ ያለበት ገጽ ላይ ስደርስ ግርጌውን አየሁ። በግራ በኩል፣ ትንንሽ ሁለት ፊደል፦ ሰ.ታ። ሰናይት ታደሰ። እኔ ነኝ።

ያኔ ነው ሁሉም የመጣልኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ታይፒስት ሳለሁ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የግል ሥራ እቀበል ነበር፤ ከብዛቱ የተነሳ ማን ምን እንዳጻፈኝ አላስታውስም። አንድ ሰው መጣ፣ የእንግሊዝኛ ውል ፈለገ፣ ቸኩሏል። የቢሮው ኮምፒውተር ላይ የአንድ የመንገድ ተቋራጭ ውል ነበር። ስሞቹን ቀየርኩ፣ አስፋልት በሚለው ፋንታ ማሽን ብዬ ጻፍኩ፣ የክርክሩን አንቀጽ ግን ሳልነካው ተውኩት። ጠንካራ ስለመሰለኝ ነው። ለደንበኛዬ የጠቀምኩ መስሎኝ ነው! አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ተቀበልኩ፣ የቢሮ ልማድ ስለሆነ ደግሞ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ፊደሌን አኖርኩ። ከሰኞ ጀምሮ ስረግመው የከረምኩት ሰው ኮተቤ ነው የሚኖረው፣ ተረከዙም ወልቂጤ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ዝም ብዬ መውጣት እችል ነበር። የእነሱ ኮፒ ግርጌው ተቆርጧል፣ ሐጂም አያውቀኝም። ሻዩ እስኪበርድ ይህንኑ ሳስብ እንደቆየሁ አልክድም። ከዚያ ጣቴን ፊደሎቹ ላይ አድርጌ «ሐጂ፣ ይህ እኔ ነኝ» አልኩት።

ሐጂ መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ፣ ፊደሎቹን አየ፣ እኔን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለታችንም ገንዘብ ተቀብለን ያሰርነውን እነዚያ ሴቶች ተሸከሙት አለ። ከዚያ ምን ማድረግ እንደሚቻል ጠየቀኝ። ሥራዬ ነውና እሱን አውቃለሁ፤ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ አንቀጹ ይቀየራል። አንድ ዳኛ፣ አዲስ አበባ፣ ያለ ችሎት በሰነድ ብቻ። እዚያው ፌስታሉ ላይ ግምት ሠራሁ፤ ከስድስት ሺህ ዩሮ አያልፍም። ኩባንያው ለምን ይስማማል ስለው፣ ከዚያው ኩባንያ ሊያስመጣው ያሰበው የፓምፕ ትዕዛዝ እንዳለና እሱን ይዞ እንደሚጠብቃቸው ነገረኝ። ወላሂ እስኪፈርሙ አንድ ፓምፕ አላዝም አለ።

ከሱቁ ወጥቼ፣ ባጃጅ በሚጮህበት መንገድ ዳር ቆሜ እትዬ ድንቄ ዘንድ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አንድ ሺህ አምስት መቶውን ጭምር። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጠችኝ። ከጀርባዋ ሴቶች ሲያወሩ፣ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«አምጪ» አለችኝና ዘጋችው።

ቅዳሜ

በቡኢና በጢያ በኩል ተመለስኩ። መንገዱ ጥሩ አስፋልት ነው፤ የጢያን ድንጋዮች ከሩቅ አይታችኋቸው ከሆነ እኔም ያየሁት ያንኑ ያህል ነው። ዓይኔ ውጭ አልነበረም። በሆዴ ረድፍ እጨምርና እቀንስ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ ጉራጌ ስጠየቅ ክትፎ እንድል ይጠብቃል፤ እኔ ግን እትዬ ድንቄና ሐጂ ዘንድ እንግዳ ሆኜ፣ ያጎደልኩባቸውን ሳያውቁ ያበሉኝና ያጠጡኝ ሴት ነኝ። ቢያውቁ ኖሮም እንደሚያበሉኝ ሳስበው ይብስብኛል።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ያልተፈረመውን ግምት ጠረጴዛው ላይ ሲያገኘው ፊቱ ቀላ። ያጠፋሁትን ነገርኩት፤ ከደመወዜ እንዲቆርጥ፣ ጉዳዩን ግን ቢሮው በነጻ እንዲይዘው ጠየቅሁት። እስካሁን እሺ አላለም፣ ግን አላባረረኝም። ኩባንያውም አልፈረመም። ሐጂ በየሳምንቱ ይደውላል፣ ፓምፕ አላዘዘም። የሴቶቹ አንድ ሚሊዮን ብር ግን ባንክ ውስጥ እንዳለ ነው፤ አንድ ብር አልወጣም።

የአንቀጹን ማሻሻያ የጻፍኩት በምሳ ሰዓት፣ ከሌላ ውል አንድ ቃል ሳልገለብጥ ነው። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከማተሜ በፊት ግርጌው ላይ ሰ.ታ ብዬ ጻፍኩ፤ በዚህኛው ጊዜ እጄ ለምዶ አይደለም።